አይብ፣ በሶና ማር በአንድ ትሪ

ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ገደማ ስለ እርሻ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ስለ ወይን ተክል፣ ስለ ወይራ ዘይት መጭመቂያ፣ ስለ በሬ ቀለብ ይመክራል፤ መሀል ላይ ወደ ማድ ቤት ይገባና የአንድን ጣፋጭ አሠራር በዝርዝር ያስረዳል። ከስንዴ ሊጥ ስስ ቅጠሎች ተዘርግተው ይደርቃሉ። 14 የሮማ ፓውንድ፣ በእኛ ሚዛን ከ4 ኪሎ ተኩል ትንሽ የሚበልጥ፣ ያልኮመጠጠ ትኩስ የበግ አይብ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ሦስት ጊዜ ይለወጣል፤ አይቡ በእጅ እየተጨመቀ ይደርቃል፤ ከዚያም በዱቄት ወንፊት ያልፋል። 4 ፓውንድ ተኩል ማር ይገባበታል። አንድ የሊጥ ቅጠል፣ በላዩ አይብና ማር፣ ደግሞ ቅጠል፣ ደግሞ አይብ እያለ ይደረባል። ሲያበቃ ምድጃው ይጠረጋል፤ ጣፋጩ ይቀመጥና በጋለ የሸክላ ክዳን ይከደናል፤ ፍም በክዳኑ ላይና በዙሪያው ይደረጋል። ካቶ ቀስ ብሎ እንዲበስል፣ ሁለት ሦስት ጊዜም እየተከፈተ እንዲታይ ያሳስባል። ሲወጣ ማር ይቀባል።

ድፎ ዳቦ ጋግራ የምታውቅ የጎጃም እመቤት ይህን ብትሰማ ከሥራው የሚከብዳት ነገር የለም። ወንፊቱ ከቤቷ አለ። ሸክላው አለ። ከላይና ከታች እሳት አድርጎ ማብሰልን ከእናቷ ተምራዋለች። አይብና ማሩንም ከጎረቤት ወይም ከገበያ ታገኛቸዋለች። በመጽሐፌ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ጣፋጭ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሰጠሁት ለዚህ ነው። ዛሬ በየአገሩ በቀላል የቤት ጣፋጭነት የሚታወቀው፣ ከታች ብስኩት፣ ከመሀል ክሬም ቺዝ፣ ከላይ ፍርፋሪ ወይም ማር ተደርቦ በአራት ማዕዘን የሚቆረጠው ኬክ፣ እንደ ጎጃሟ ይጁቤ ባለ የደጋ ከተማ ውስጥ ከውጭ አንዳች ነገር ሳይመጣ ሊሠራ ይችላል። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር መረዳት ነው፤ አንዱ ስብ፣ ሌላው ሙቀት።

ከክሬም ቺዝ እንጀምር። አሁን በዓለም የሚታወቀው ዓይነት ታሪኩ አጭር ነው። በኒው ዮርክ ግዛት፣ ቼስተር በምትባል ከተማ የነበረው ወተት አቀነባባሪ ዊሊያም ሎረንስ በ1872 እ.ኤ.አ. መሥራት ጀመረ፤ ፊላደልፊያ የሚለው የንግድ ስም የወጣለት በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካ ደንብ ክሬም ቺዝ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ቢያንስ 33 በመቶ ስብ እንዲኖረው፣ ውኃውም ከ55 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ልስላሴው፣ አፍ ውስጥ መቅለጡ፣ ምድጃ ውስጥ ገብቶ አለመሰነጣጠቁ በአብዛኛው ከዚህ ስብ የመጣ ነው።

የእኛ አይብ ተፈጥሮው ሌላ ነው። ወተቱ ሁለት ሦስት ቀን ተጠራቅሞ ይረጋል፤ ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ ዝግ ባለ እሳት ላይ ሲጣድ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ስቡን አስቀድመን በቅቤ መልክ ወስደነዋል ማለት ነው። አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ፣ በምሕፃሩ ኢልካ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የገጠር ወተት አያያዝ መመሪያ የአይብን ይዘት 79 በመቶ ውኃ፣ 14.7 በመቶ ፕሮቲን፣ 1.8 በመቶ ብቻ ስብ ብሎ መዝግቦታል። ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብ ይገኛል። ክሬም ቺዝ ስብ ነው ብንል፣ አይብ ፕሮቲን ነው። የውጭውን የአሠራር መመሪያ ይዞ በክሬም ቺዝ ፋንታ አይብ የሚከት ሰው ደረቅ፣ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ፣ ውኃ የሚያቁር ነገር የሚያወጣው በዚህ የተነሣ ነው። ጥፋቱ የአይቡ አይደለም። ከአይቡ የተወሰደው ስብ ይመለስለት።

ስንት ይመለስ? 500 ግራም አይብ ውስጥ ያለው ስብ 9 ግራም ብቻ ነው። ውኃው በደንብ የወጣለት ለጋ ቅቤ ከመቶው 80 እጅ ገደማ ስብ ስለሆነ፣ 150 ግራም ቅቤ ብንጨምር የድብልቁ ስብ 20 በመቶ ግድም ይደርሳል። 33 በመቶ ላይ እንድረስ ብንል ከ300 ግራም የሚበልጥ ቅቤ ይጠይቃል፤ ይህን የሚያህል ቅቤ የአይቡን ጣዕም ይውጠዋል፣ ሆድም አይችለውም። እኔ 20 በመቶው ይበቃል ባይ ነኝ። የቀረውን ሥራ እንቁላሉና ጥቂት ዱቄት ይሠሩታል። ስልባቦት የሚያጠራቅም ቤት ካለ ደግሞ ከቅቤው ግማሹን በስልባቦት መተካት ይችላል፤ ድብልቁ ይበልጥ ይለሰልሳል።

አይቡ ግን መመረጥ አለበት። ትኩስ፣ ጨውም ቅመምም ያልገባበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ተንጠልጥሎ አጓቱ ጠብ ማለት እስኪያቆም የተጠነፈፈ ይሁን። ጥቂት ከኮመጠጠ ካቶ ያለውን ማድረግ ነው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ለዋውጦ፣ መጭመቅ። ኮምጣጣው የሚሟሟው በውኃ ውስጥ ነውና አብሮ ይወጣል። ወንፊቱንም የሚተካ ነገር የለም። አሬራው ሲሞቅ ፕሮቲኑ ተኮማትሮ እህል እህል ይላል፤ አንዴ እንዲህ ከጠነከረ ቅቤም ሆነ ማር አያሟሟውም፤ መድቀቅ ብቻ ነው ያለው። በእንጨት ማንኪያ እየጫኑ በደቃቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ይጠይቃል። የጁስ መፍጫ ያለው ቤት በእርሱ ቢፈጭ ደግ ነው፤ የለኝም ብሎ ግን ማንም አይተው።

ስለ ጤና አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። የኢልካ መመሪያ እንደሚለው አሬራ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት አይብ ይሆናል። በ40 እና በ50 ዲግሪ መካከል ያለ ሙቀት ግን ካልፈላ ወተት የሚመጡትን እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎች አምጪ ጀርሞች አይገድልም። እዚህ የምንሠራው ጣፋጭ እስከ መሀሉ ከ70 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ከጥሬው አይብ ይሻላል፤ ቢሆንም አይቡን ራስዎ የሚያወጡ ከሆነ አሬራውን ወደ ላይኛው የሙቀት መጠን አድርሰው ያቆዩት።

አሁን ወደ ታችኛው ንብር። በውጭ አገር ይህ ብስኩት ተፈጭቶ በቅቤ የሚለወስበት ቦታ ነው። እኔ በሶ እመርጣለሁ፤ የምመርጠውም ብስኩት ስለጠፋ አይደለም። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፤ እርጥበቱ ወጥቷል፤ በራሱ የበሰለ እህል ነው። ስለዚህ ቅቤን በደንብ ይጠጣል፣ ሲጫኑት ይያያዛል፣ መዓዛው ከማር ጋር ይስማማል። በብዙ የአገራችን ክፍል ለመንገድ ስንቅ የሚያዘው ጭኮ የሚሠራው በዚሁ ባሕርዩ ነው። 250 ግራም በሶ፣ 125 ግራም የቀለጠ ቅቤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጥጫ ጨው ይለወስና፣ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ፣ ቅቤ በተቀባ ጎድጓዳ ትሪ ላይ በብርጭቆ ቂጥ ተጠቅጥቆ ይዘረጋል። መጠቅጠቁ ላይ እጅ አይሳሳ። ሳይጠብቅ የቀረ በሶ ከላይ የሚመጣውን እርጥበት ስቦ ገንፎ ይሆናል። ከተጠቀጠቀ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ለብቻው በመለስተኛ እሳት ሞቆ ቢቀዘቅዝ ቅቤው ገጹን ይደፍንለታል።

ቅቤው የግድ ለጋ መሆን አለበት። ለወጥ የተነጠረው፣ ሽንኩርትና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ቦታው ሌላ ነው፤ የቆየና ሽታው የተለወጠ ቅቤ ደግሞ ጣፋጩን ፈጽሞ ያበላሸዋል። ወተቱ በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ የተጠራቀመ ከሆነ ግን አይጨነቁ። የወይራ ጭስ ከተቆላ ገብስና ከማር ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ጣዕም፣ እኔ እስከሚገባኝ፣ በየትኛውም የኬክ ቤት መስኮት ውስጥ የለም።

የመሀሉ ንብር እንዲህ ይሠራል። 500 ግራም የተነፋ አይብ በክፍል ሙቀት ለስልሶ ከቆየ 150 ግራም ለጋ ቅቤ ጋር ይመታል። ሁለቱም ከቀዝቃዛ ቦታ የመጡ ከሆነ ቅቤው እየተቋጠረ ስለሚያስቸግር ቀድሞ ማውጣት ነው። ከዚያ 120 ግራም ስኳር፣ ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ማር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄትና ጥቂት የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ ይገባል። እንቁላል መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ ይጨመራል፤ የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ ሁለት፣ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ትንሽ ስለሆነ ሦስት። የአስኳሉ ተፈጥሮ ስብንና ውኃን አስማምቶ ስለሚይዝ ድብልቁ የሚያምርበት በዚህ ጊዜ ነው። እንቁላል ከገባ በኋላ ብዙ መምታት አያስፈልግም፤ አየር ይገባበትና ሲበስል አብጦ፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ለመዓዛው ቫኒላ አያሻም፤ ኮረሪማ አለን። ይህን የምለው ለአገር ፍቅር ብቻ አይደለም። ይጁቤ የዛሬዋ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው አገር ላይ የምትገኝ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎጃም ከነበሩት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ፣ የባሶ ገበያ፣ የቆመባት ሥፍራ ናት። ዓባይን ተሻግረው ከእናርያና ከጊቤ አገሮች የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ቡናውን፣ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱን እዚህ ያራግፉ ነበር፤ በዚያው መንገድ እጅግ ብዙ ሰውም ለባርነት ተሸጧል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቲልስተን ቤክ ይህን ገበያ አይቶ ጽፏል። ኮረሪማ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባሶ ገበያ እንደሚመጣ፣ ከዚያም ምጽዋ ወርዶ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ሕንድ እንደሚሻገር የመዘገበው እርሱ ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ዕፅ ሊቃውንት ኮረሪማ ከየት እንደሚመጣ ያወቁት ከእርሱ ቃል ነበር። እናም ለአንድ ትሪ ከሦስት ወይም ከአራት የኮረሪማ ፍሬ የወጣ ዘር፣ በሙቀጫ ደቅቆ፣ ከአይቡ ጋር ይግባ። ከዚህ ከበለጠ ይመራል።

ወደ እሳቱ እንምጣ፤ የደጋ ሰው በዚህ ጣፋጭ ላይ ያለው ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከፍታ ለጋጋሪ ችግር ነው ይባላል። እውነት አለው፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ እርሾና ቤኪንግ ፓውደር የሚያነሡት ኬክ ከልክ በላይ ያብጥና ይወድቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። የእኛ ጣፋጭ ግን ምንም የሚያነሣው ነገር የለውም። የሚረጋው በእንቁላል ነው፤ እንቁላልም ስኳርና ቅቤ ገብቶበት ከ70 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ረግቶ ያበቃል። ሙቀቱ ከዚያ አልፎ ከሄደ ፕሮቲኑ ተጨምቆ ውኃውን ይተፋል፣ አይቡ ይቋጠራል፣ ገጹ ይሰነጠቃል። በባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ የሚፈላ ውኃ 100 ዲግሪ ይደርሳል። 2,400 ሜትር ግድም ባለ ከፍታ ላይ ግን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የፈለገውን ያህል እንጨት ቢማገድ ከዚያ አያልፍም። ትሪውን በውኃ ላይ አስቀምጦ በእንፋሎት ለሚያበስል የደብረ ማርቆስ ወይም የይጁቤ ሰው፣ ተፈጥሮ ራሷ እሳቱን አለዝባለታለች።

ስለዚህ ምድጃ ወይም ኦቨን ለሌለው ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ እንፋሎት ነው። ትልቅ ድስት ወይም ሰታቴ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ውኃ ይደረጋል፤ ትሪው ውኃውን እንዳይነካ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የተገለበጠ ጣሳ ይቀመጣል። ክዳኑ በንጹሕ ጨርቅ ይታሰር፤ አለዚያ እንፋሎቱ ከክዳኑ እየተንጠባጠበ የጣፋጩን ገጽ ይበሳሳዋል። የከሰል ማንደጃ ላይ በመለስተኛ ፍም ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ዳሩ ጸንቶ መሀሉ ትሪው ሲነካ ገና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደርሷልና ይውጣ። ሲቀዘቅዝ ይጸናል። መሀሉ እስኪደርቅ የጠበቀ ሰው አሳልፎታል።

ሁለተኛው መንገድ የድፎው ነው። ትሪው በሞቀ ምጣድ ላይ ይቀመጥና በብረት ክዳን ወይም በሌላ ምጣድ ይከደናል፤ ፍም ከላይ ይደረጋል። ከድፎ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ በሶው አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ ከሥር ብዙ እሳት አይሻም፣ ቶሎ ያራል። ከታች ጥቂት፣ ከላይ በርከት ያለ፣ እርሱም ወደ ክዳኑ ዳር የተበተነ ፍም ይሁን። በዚህ መንገድ ለሚያበስል ሦስተኛ ንብር ሆኖ ፍርፋሪ ያምርበታል፤ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳር፣ 60 ግራም ቅዝቃዜ ያለው ቅቤና አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ በጣት ታሽቶ እንደተንኮተኮተ ከላይ ይበተናል። ከላይ ያለው ፍም ወርቃማ አድርጎ ያወጣዋል። በእንፋሎት ያበሰለ ግን ፍርፋሪውን ይተወው፤ ረጥቦ ይቀርበታል። እርሱ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥቂቱ ሞቅ ያለ ማር አፍስሶ፣ ተቆልቶ የተወቀጠ ኑግ ቢነሰንስበት ይሻለዋል። የኤሌክትሪክ ኦቨን ያለው 160 ዲግሪ ላይ አድርጎ፣ ከትሪው ጎን ውኃ የያዘ ዕቃ ቢያስገባ የእንፋሎቱንም የፍሙንም ጥቅም ያገኛል።

ትኩሱን መቁረጥ ክልክል ነው። ቅቤው ካልጸና ንብሮቹ ይንሸራተታሉ። የደጋ ሌሊት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ማታ ተሠርቶ፣ ተከድኖ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያደረ ትሪ ጠዋት ፍሪጅ ሳይነካው ይቆረጣል። ቢላው በሙቅ ውኃ ይነከር፣ ይጠረግ፣ አንድ ጊዜ ይቁረጥ፤ ለሚቀጥለውም እንዲሁ። 4 ሳንቲ ሜትር በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ለአንድ ሰው ከቡና ጋር ይበቃል፤ ቅቤው ብዙ ነውና ከዚያ ማተለቅ ለእንግዳም ደግነት አይሆንም። ፍሪጅ ለሌለው ቤት ዕድሜው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ነው። በፍሪጅ አራት ቀን ይቆያል። ጎምዘዝ ያለ ሽታ ካመጣ፣ የማሩ ጣፋጭነት ስለሚሸፍነው በቅምሻ አይሞክሩት፤ ይጣል።

የሚሠራበትን ወቅት ላመልክት። የምንጾም ሰዎች በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከወተት እንርቃለን፤ ላሟ ግን በጾምም ትታለባለች። ቅቤው ተነጥሮ ፍስክ እስኪገባ ይጠብቃል፤ አይቡ ግን መጠበቅ አይችልም። እንግዲህ ይህ የፍስክ ጣፋጭ ነው፤ የጾም ለማድረግ በኦቾሎኒና በአትክልት ቅቤ የሚደረገውን ሙከራ እኔ አልመክርም፤ ሌላ ምግብ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ሳምንቱን ሙሉ መሥራት ይቻላል፤ ጉድለቱ በዚያ ወራት ሣሩ ደርቆ ወተቱ ማነሱ ነው። ወተቱ የሚበዛው ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ሲለመልም፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። የአደይ አበባ ማርም የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ስለሆነ ለማይጾመው ቤት ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጥቅምት በሙሉ ክፍት ነው፤ ለሚጾመው ደግሞ ከኅዳር 6 እስከ ኅዳር 14 ያሉት ጥቂት ቀናት አሉ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ አይብዎን ከዚያ በፊት ይግዙ።